ላንድሮቨሯ በሰው ሞተር

ሶዶ ውስጥ፣ ከዳሞታ የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ ግማሹን በሚበላው አንድ መንገድ ዳር፣ የሁለት ሰው የሆነ ጋራዥ አለ። በግራ በኩል ያለው የቆርቆሮ ዳስ የመካኒኩ የቶማ ጦና ነው። በቀኝ ያለው፣ ብረት መላጫው ቶርኖና የብየዳ ማሽኑ የቆመበት፣ የወንደሰን አድነው ነው። በመካከል አጥር የለም። ሁለቱ ሰዎች ሃያ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ ስለ ሃይማኖት አንድ ቀን እንኳ ተከራክረው አያውቁም። ይህ ማለት ግን ሃይማኖት ከግቢው በር ላይ ይቀራል ማለት አይደለም። ቶማ በሰፈሩ ጸሎት ቤት ለሽማግሌነት የተመረጠ ሰው ነው፤ እሑድ መፍቻ አይጨብጥም። ወንደሰን ደግሞ ወር በገባ በዐሥራ ሁለት ብረት አይነካም። የዛሬ ዐሥራ አምስት ዓመት የጋዝ ሲሊንደር አጠገቡ ፈንድቶ የዳሱን ጣራ ሲወስድ እሱን ያተረፈው ሚካኤል ነውና፣ ስእለቱ ነው።

በዚያ ቀን ቶማ መዶሻ አያነሳም። ጎማ ይፈታል፣ ዘይት ይቀይራል፣ የማይጮህ የማይጮኸውን ሥራ እየመረጠ ይውላል። እንዲህ አድርግ ያለው የለም። ሰዎች ተስማምተው የሚኖሩባቸው ውሎች አብዛኞቹ ያልተነገሩ ናቸው፤ የሚጸኑትም ስላልተነገሩ ይመስላል። ክፋታቸው አንድ ነው፤ ያልተነገረ ነገር ይረሳል።

ቶማ አምሳ አራት ዓመቱ ነው። አጭር፣ አንገቱ የደነደነ፣ ሲናገር አማርኛውን በወላይትኛ ዜማ የሚያወጣ ሰው። ከበዴሳ ወደ ሶዶ የመጣው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ትምህርት ሊማር መጥቶ መኪና ሲያጥብ ተገኘ። የሚያጥባቸው መኪኖች የእርሻ ልማት መሥሪያ ቤቱ ነበሩ። ከሹፌሮቹ አንዱ ጋሽ ገብረአማኑኤል ይባላል፤ አያቱ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ፣ እሱ ግን ወላይትኛውን ከሀገሬው እኩል የሚያፈልቅ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው። የሚነዳው አረንጓዴ ላንድሮቨር ነበር። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የከብት ክትባት፣ አንዳንዴም ምጥ የጠናባት ሴት የጫነው በዚያች መኪና ነው። አንድ ቀን ቶማን ጠርቶ የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን የልጁ ጆሮ ላይ አደረገና፣ «ዓይንህን ጨፍን። የትኛዋ ሲሊንደር ናት የታመመችው?» አለው። ቶማ «ሁለተኛዋ» አለ። ትክክል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲውን ትቶ መፍቻ ያዘ። የተማረው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ግን መኪናን የሚመረምረው በመጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

ላንድሮቨሯ ጡረታ የወጣችው ከሹፌሯ ቀድማ ነው። ከአንድ ቢሮ ጀርባ ሣር በቅሎባት፣ ዶሮ እንቁላል እየጣለባት ዓመታት ቆመች። ከስድስት ዓመት በፊት ከሌላ ቁራጭ ብረት ጋር በጨረታ ስትወጣ የገዛት ቶማ ነው። ሰው ሁሉ ሳቀበት፤ ወንደሰን ከሁሉም በላይ። ዕድሜውን የሰው መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው የራሱ አልነበረውም፤ ከመኪና ሁሉ መርጦ ይቺን መያዙ ያስቃል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራ በቀዘቀዘ ቀን፣ ደንበኛ በቀጠረና በቀረ ጊዜ፣ ቆርቆሮዋን እየቀጠለ፣ ወንበሯን እያሰፋ፣ ቀስ በቀስ ሰው አደረጋት። የድሮ ሞተሯንም በትኖ ገጠመው። ጋሽ ገብረአማኑኤል በየሳምንቱ በባጃጅ እየመጣ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር። በኋላ በኋላ ዓይኑን የዓይን ግፊት ወሰደበት፤ ያም ሆኖ መምጣቱን አልተወም። ማየቱ ሲቀር መስማቱ በረታ። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ «ዛሬ ጋዟን አብዝተህባታል» ይል ነበር።

ዘንድሮ ሚስቱ የትምወርቅ ሞተች። ዓይነ ስውር ሰው ብቻውን ቤት ውስጥ አይሆንም፤ ከበዴሳ ወዲያ ባለችው ዲምቱ በጤና ጣቢያ የምትሠራው ልጁ ፀደንያ እኔ ጋ ትኖራለህ ብላ ቁርጡን ተናገረች። ቀኑም ሰኞ፣ ሐምሌ ዐሥራ አራት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ በማግሥቱ ለባሏና ለልጆቿ አደራ ብላው ለሥልጠና ወደ ሐዋሳ ስለምትሄድ ከዚያ አያልፍም። አዛውንቱ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ከሶዶ ስወጣ በሷ ነው የምወጣው» አለ ለቶማ። «በሚኒባስ እንደ ጆንያ አልጫንም። ያን መንገድ እሷ ናት ያስተማረችኝ።»

«በሷ ነው፣ ጋሼ» አለ ቶማ። «እኔው ራሴ ነድቼ።»

ይህን ባለ በሳምንቱ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዳገት ሊሞክራት ይዟት ወጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ከሆዷ አንድ ጊዜ እንደ ጥይት ጮኸና ጸጥ አለች። በሰው ተገፍታ ተመለሰች። ቶማ ከፈታት በኋላ ብሎኩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘው። በአርባና በሃምሳ ዓመት ብረት ላይ እንዲህ ያለ ስንጥቅ አይበየድም፤ ወንደሰንም ጣቱን በስንጥቁ ላይ አንሸራትቶ፣ «አፈር ይቅለላት» ብሎ ሄደ።

ያን ቀን ማታ ጋሽ ገብረአማኑኤል ስልክ ደወለ። «ሞተሯ እንዴት ናት?»

ቶማ ለመናገር አፉን ከፈተ። የሰውዬውን ሚስት ከቀበሩ ገና አራት ወር ነው። «ደህና ናት» አለ።

መዋሸት የማያውቅ ሰው ሲዋሽ ውሸቱን ማስቀመጫ ቦታ ያጣል። ቶማ በየማታው ስልኩ ሲጮህ ከሰው ፊት ዞር ይል ነበር፤ በየማታውም «ደህና ናት» አለ።

መፍትሔው ከተገለበጠ ሚኒባስ መጣ። አካሉ ተጨማዶ ሞተሩ የተረፈ፣ ጃፓን ሠራሽ ናፍጣ ሞተር። ባለንብረቱ እሰጣለሁ እያለ ሲያመላልሰው ቆይቶ ሐሙስ ጠዋት፣ ሐምሌ ዐሥር፣ ሞተሩ በጋሪ ተጭኖ ጋራዡ በር ላይ ተራገፈ።

«ይሄ ከሷ ካምቢዮ ጋር አይጋባም» አለ ወንደሰን ዙሪያውን እያየ። «ቤንዚን ለለመደች ሴት ናፍጣ ባል።»

«አንተ አጋባቸዋ። በያጅ አይደለህ?»

«ሽማግሌው አንተ ነህ። ማጋባት ያንተ ሥራ ነው።»

ሳቁና ወደ ሥራው ገቡ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ አንድ ወፍራም ዝርግ ብረት መቆረጥ አለበት፤ የአንዱ ቀዳዳ ከሌላው ስለማይገጥም ብረቱ በሁለቱም በኩል የየራሳቸውን ቀዳዳ ይይዛል። ከዚያ ደግሞ በሞተሩ ጀርባ መሐል ላይ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍበት የነሐስ ቀለበት በቶርኖ ይወጣል። ቀለበቱ ከፀጉር በቀጠነ ልክ ከጠበበ ዘንጉ አይገባም፤ ከሰፋ ይንቀጠቀጥና ፍሪሲዮኑን ይበላዋል። የቀረው ሁሉ ጉልበት ነው፤ ቀለበቱ ግን እጅ ይጠይቃል።

«ስንት ቀን አለን?» አለ ወንደሰን።

«ሦስት» አለ ቶማ።

«ሦስት» አለ ወንደሰን፤ ተስማሙ።

ቶማ የቆጠረው ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ነበር፤ እሑድን እንደ ሁልጊዜው ዘሎታል። ወንደሰን የቆጠረው ሐሙስ፣ ዓርብ፣ እሑድ ነው፤ ቅዳሜ ሚካኤል ስለሆነ ዘሎታል፤ እሑድ ግን ለተቸገረ ሰው ከቅዳሴ መልስ ከሰዓት በኋላ ይሠራል። ሁለቱም የየራሳቸውን ቀን አስታወሱ፤ ሁለቱም የሌላውን ረሱ። ለሃያ አንድ ዓመት አንዱ የሌላውን ቀን ጠብቆ የኖረ ሰው በዚያ አንድ ሐሙስ ይረሳል ብሎ ማን ያስባል? ልማድ እንዲህ ነው፤ ሳናስበው ስለምናደርገው፣ ልናስበው በሚገባን ቀን አይገኝም።

ሐሙስ ሙሉ ቀን ሠሩ። የተሰነጠቀው ሞተር ወጣ፤ ዝርጉ ብረት በጋዝ ተቆረጠ፤ በካርቶን ላይ በተነሳ ልክ ተበሳ። ዓርብ ጠዋት ወንደሰን ነሐሱን ቶርኖው ላይ አስሮ ማሽኑን ሊያስነሳ ሲል መብራት ጠፋ። አራት ሰዓት ላይ ይመጣል ተባለ። ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል ተባለ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ቶማ የሞተሩን እግር ከሻንሲው ጋር እያስተያየ፣ ዓይኑን ከአምፖሉ ላይ መንቀል አቃተው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንደሰን እጁን ታጠበ።

«በቃ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጨርሰዋለሁ።»

«እሑድ?» አለ ቶማ። «ነገ ምን ሆነህ?»

«ነገ ሚካኤል ነዋ።»

ቶማ መፍቻውን አስቀመጠ። ወንደሰንም የጓደኛውን ፊት አይቶ ነገሩ ገባው። የሚናደዱበት ሰው አልነበረም።

«እሑድ እኔ የለሁም» አለ ቶማ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«አንተ ብቻህን ትሠራለህ እንዳልል የኔ መኪና ናት። በኔ ትእዛዝ በእሑድ ከተሠራች እኔው ሠራሁ ማለት ነው።»

«እኔ መቼ ሥራ አልኩህ?» አለ ወንደሰን። ነጠላ ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ዞሮ ቶርኖው ላይ የታሰረውን ነሐስ አየና ሄደ።

መብራት የመጣው ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው።

ቶማ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻውን ቶርኖው ፊት ቆመ። ቶርኖ መንካት አይወድም። እጁ የለመደው የጠበቀ ብሎን መፍታት ነው፤ ብረት ሲላጭ እጁ ይቸኩላል። በወንደሰን ማሽን ላይ በሚካኤል ቀን መሥራትም ሌላው ጭንቀቱ ነበር፤ ሌሊቱን ደውሎ ፈቃድ ሲጠይቀው ግን፣ «የተሳልኩት እኔ ነኝ፤ ማሽኑ አልተሳለም» አለው።

የመጀመሪያውን ነሐስ በግማሽ ሰዓት አበላሸው። ሰፋ። የቀረው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው፤ በከተማው የነሐስ ቁራጭ ያለው ሌላ ቶርኖ ቤትም ዛሬ ዝግ ነው። ቶማ ባልዲ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያይ ጀመር። ዓርባ ዓመት የሠሩ እጆች ናቸው፤ አንድ ቀለበት ማውጣት አልቻሉም።

አራት ሰዓት አካባቢ ወንደሰን ከቤተ ክርስቲያን መጣ፤ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ጃንጥላ ይዞ። ቆሻሻው እንዳይነካው አንድ ካርቶን አሮጌ ጎማ ላይ አነጠፈና ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ነጠላው ውስጥ አስገብቶ በብብቱ ስር ያዛቸው።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለ ቶማ።

«ምንም። ተቀምጫለሁ።»

«ተቀምጠህ?»

«እጄ ነው ያረፈው፤ አፌ ነፃ ነው። ያንን ቁራጭ እሰረው።»

ቶማ አሰረ።

«ጥፍሮቹን አጥብቅ። አልጠበቀም፣ ከዚህ ይታየኛል። አዎ። አሁን መቁረጫውን አስጠጋ። አስጠጋ አልኩ እንጂ ውጋው አላልኩህም። ዘይት ጠብ አድርግ። ቶማ፣ አትግፋው። ነሐስ ሲገፉት ይከፋዋል። መቁረጫውን አስቀምጠህ፣ ይምጣ ብለህ ጠብቀው።»

«አንተ እንዲህ ነው የምትሠራው?»

«አይ፣ እኔ ሳላስብ ነው የምሠራው። ዛሬ ገና ሳስበው ነው።»

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሄዱ። ነሐሱ እንደ ወርቅ ፀጉር እየተላጨ ሲወርድ ወንደሰን ከጎማው ላይ ወደፊት እያጋደለ፣ ሊነሳ እያለ፣ መልሶ እየተቀመጠ፣ ትከሻው በነጠላው ስር ከቶማ እጅ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ጊዜ ቀኝ እጁ አምልጦ ወጣ፤ አየውና መልሶ አስገባው።

«ካሊፐሩ ስንት ይላል?»

ቶማ ነገረው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ቀረህ። አሁን ስታስጠጋ ጣትህ እንዳይሰማው አድርገህ።»

ቶማ ዓይኑን ጨፈነ። መቁረጫው ነሐሱን ሲነካ ያለውን ድምፅ ሰማ፤ ቀጭን፣ እኩል፣ ያልተቋረጠ። ድምፁ ሲቀየር ሳብ አደረገ። ቀለበቱን ፈትቶ ዘንጉ ላይ ሲያገባው፣ ትንሽ እምቢ ብሎ፣ ከዚያ ተንሸራትቶ ገባ።

ወንደሰን አንገቱን አስግጎ ቀለበቱን አየው። ከዚያ ተነሥቶ ካርቶኑን አጠፈ። «ወደ ቤት ልሂድ፤ እንግዳ ይጠብቀኛል» አለ።

ቶማ ያን ቀን እስከ ምሽት ብቻውን ሠራ። ባለቤቱ ሚርያም የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ይዛ መጥታ፣ ሰንሰለቱን ይዛለት፣ ሞተሩ በእንቅልፍ ልብ እንደሚሄድ ሰው እየተወዛወዘ ቦታው ሲገባ አብራው አየች። መምህርት ናት፤ ቶማን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

«ለጋሽ ገብረአማኑኤል ነገርከው?» አለችው።

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«ይሰማዋል እኮ። የቤንዚን ሞተሯን በሩ ላይ ስትደርስ ያውቃት ነበር። ይቺ ገና ከሩቅ ነው የምታሳብቀው።»

«ነገ አልኩሽ እኮ።»

ጸሐይ ስትጠልቅ የቀረው የናፍጣ መስመር፣ ራዲያተር፣ ሽቦና ማርሚታ ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ። ቶማ እጁን በናፍጣ ታጥቦ በሩን ቆለፈ።

እሑድ ጠዋት ጸሎት ቤት ከሽማግሌዎች ጋር ፊት ተቀመጠ። ሰባኪው ስለምን እንደ ሰበከ ቢጠይቁት አይመልስም። የሚያስበው ስለ ራዲያተሩ ቱቦ ነው፤ ስለ ራዲያተሩ በማሰቡም ያፍራል። ማንም ሳያየው ከሰዓት በኋላውን ሠርቶ መውጣት ይችል ነበር። ሰንበት ለሰው የተሰጠች መሆኗን እሱ ራሱ ለሌሎች አስተምሯል። ግን ለአንድ ዓይነ ስውር የሚዋሽ ሰው፣ ለእግዚአብሔር የሰጠውን ቀን ደግሞ ከመለሰ፣ ምን የቀረ ነገር ይኖረዋል? ወንደሰን ትናንት እጁን በብብቱ ስር ይዞ የዋለው ለማን ብሎ ነው? ጋራዡ ሳይከፈት ዋለ።

ከአምልኮ በኋላ ወደ ጋሽ ገብረአማኑኤል ቤት ሄደ። ቤቱ ባዶ ሆኗል። አዛውንቱ ሁለት ሳጥንና አንድ ፍራሽ መሐል ተቀምጦ ሬድዮ ይሰማ ነበር።

«ሳሮ፣ ቶማ» አለ ገና ጫማው ሲሰማ።

«ሳሮ፣ ጋሼ። ተዘጋጁ?»

«ፀደንያ አሰረችው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደውላ፣ ለማንኛውም ብላ ሚኒባስ ይዣለሁ አለችኝ። እኔ ሚኒባስ አያስፈልገኝም አልኳት። ቶማ የማይችለውን አይናገርም አልኳት።» ሬድዮውን ዘጋ። «ሞተሯስ?»

አሁን ነበር ሰዓቱ። ቶማ ከሳጥኖቹ አንዱ ላይ ተቀመጠ። አዛውንቱ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሚያዳምጥ ሰው ፊት ይዞ ይጠብቃል።

«ደህና ናት» አለ ቶማ። ለመጨረሻ ጊዜም ዋሸ።

ሰኞ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋራዡን ሲከፍት ወንደሰን በሩ ላይ ቆሞ አገኘው፤ የሥራ ልብሱን ለብሶ። ብዙ አላወሩም። ወንደሰን ማርሚታውን በየደው፤ ቶማ ቱቦዎቹን አሠረ። የቤንዚን ታንኩ ታጥቦ ናፍጣ ተሞላ። ከመስመሩ አየር ማውጣት ግን ከታሰበው በላይ ፈጀ፤ ቶማ በእጅ እየገፋ፣ አረፋው እየወጣ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ፣ ሁለቴ አጉረመረመ። በሦስተኛው ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሣ፤ ዳሱ ተንቀጠቀጠ።

«ሚኒባስ» አለ ወንደሰን ጆሮውን ይዞ። «ዓይኔን ብጨፍን ለበዴሳ የሚጮህ ረዳት እጠብቅ ነበር።»

ቶማ አልሳቀም። ወንደሰንም ይህን ባልተናገርኩ አለ።

የአዛውንቱ ቤት በር ላይ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሳጥኖቹ የፀደንያ ሚኒባስ ጣራ ላይ ታስረዋል፤ ሹፌሩ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጋሽ ገብረአማኑኤል ኮቱን ለብሶ፣ ምርኩዙን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ፣ በር ላይ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሚኒባሱ ውስጥ አልገባም ብሎ ነው። ላንድሮቨሯ ስትቆም አንገቱን አዘነበለ።

«ይሄ ደግሞ የማን መኪና ነው?»

ቶማ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። «የእኔ ናት፣ ጋሼ። ላንድሮቨሯ ናት።»

«ላንድሮቨሯን እኔ አውቃታለሁ። ይሄ ናፍጣ ነው።»

«ብሎኩ ተሰንጥቆ ነው። ሰኔ ላይ። ከሚኒባስ ያወጣሁትን ነው ያስገባሁባት።» ከዚያ፣ ሌላ ሰው እንደሚናገርለት፣ ቀሪውን አወጣ፦ «በየቀኑ ደህና ናት ያልኩዎት ውሸት ነው። ትናንትም።»

የሚኒባሱ ሹፌር ዞር አለ። አዛውንቱ ምርኩዙን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አዟዟረው። መንጋጋው ይንቀሳቀስ ነበር።

«ዓይኔ ስለማያይ ነው የዋሸኸኝ?»

«አይደለም፣ ጋሼ። ስለሚሰሙ ነው የፈራሁት።»

ጋሽ ገብረአማኑኤል ተነሥቶ እጁን ዘረጋ፤ ቶማ ሊይዘው ሲል፣ «አንተን አይደለም» አለ። የፊት መብራቷን አገኘ። በመብራቷ ጠርዝ፣ በክንፏ፣ በቶማ እጅ በተቃናው የድሮ ጎድጓዳ ላይ እየዳሰሰ፣ በሩ ጋ ደረሰ። ከፍቶ ገባ። በሩን ሲዘጋ የሚያስፈልገውን ያህል ኃይል ተጠቀመ፤ አልበዛም፣ አላነሰም፤ ያቺን በር ለሃያ ሁለት ዓመት የዘጋ ሰው ነው።

«ዕቃው በሚኒባሱ ይሂድ» አለ።

ከሶዶ እስከ በዴሳ አንድ ቃል አልተናገረም። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ይጤሳል፤ ሞተር ብስክሌቶች ይቀድሟቸዋል። ቶማ ከዚህ ዝምታ ስድብ ይሻለኝ ነበር እያለ ይነዳል። በሕይወቱ ካገኛቸው ሰዎች ሁሉ እንዲያምነው የፈለገው ይህን ሰው ነው፤ እምነቱን ደግሞ ለአንድ ሞተር ብሎ ሳይሆን ለአንድ ቃል ፍርሃት ብሎ ጣለው። አሁን በአንድ ወንበር ተቀምጠው የእያንዳንዳቸው ሐሳብ ለየብቻው ይጓዛል። የተሰነጠቀ ሞተር በሌላ ይቀየራል፤ ውሸትን ግን በምን ይቀይሩታል?

ከበዴሳ ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ አዛውንቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በስንተኛ ማርሽ ነህ?»

«በሦስተኛ።»

«በሦስተኛ?»

«በሦስተኛ፣ ጋሼ።»

ዳገቱ አልቆ መንገዱ ሲዘረጋ፣ «የድሮዋ እዚህ ጋ ሁለተኛ ትለምነኝ ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፤ «አንድ ጊዜ ክረምት ላይ ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ፣ መኪናዋ እዚህ ላይ አልወጣም አለችኝ። ወርጄ በድንጋይ አስደግፌ፣ ገበሬዎቹን ጠርቼ በገመድ አወጣኋት። ልጁ ከተማ ሳንደርስ ተወለደ።»

«ነግረውኛል።»

«አሁን በሦስተኛ ትወጣዋለች» አለ፤ ከተናገረው ውስጥ የትኛው ቅሬታ፣ የትኛው ምስጋና እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። «ውሸትህን አልወደድኩትም፣ ቶማ።»

«እኔም አልወደድኩትም።»

«ቀለበቱን ማን አወጣው? የካምቢዮው ዘንግ ጸጥ ያለ ነው።»

«እኔ። ወንደሰን በሚካኤል ተቀምጦ እየነገረኝ።»

የአዛውንቱ ከንፈር ጫፍ ትንሽ ተነሣ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ዲምቱ ሲደርሱ ሚኒባሱ ቀድሟቸው ሳጥኖቹ ወርደዋል። ፀደንያ ከነጋውኗ በሩ ላይ ትጠብቅ ነበር። «አባዬ፣ በሰላም ገባህ። ና ውረድ፣ ምሳ ደርሷል።»

«ቆይ» አለ። ከወንበሩ አልተነሣም። «ቶማ፣ አጥፋት።»

ቶማ አጠፋት።

«አሁን አስነሳት።»

ተነሣች። አዛውንቱ ዓይኖቹን ጨፈነ፤ ለምን እንደሚጨፍናቸው እሱ ያውቃል። «ጋዝ ስጣት። ልቀቅ። ደግመህ ስጣት።» ፀደንያ ግራ ገብቷት ቶማን አየችው፤ ቶማም ትከሻውን ነቀነቀ።

«ምን እያደረግህ ነው፣ አባዬ?»

«እያጠናሁ። በዚህ ደጅ የሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ ይህንኑ ሞተር የያዘ ነው። ይሄ ሰውዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣ በምን ለይቼ ነው በር የምከፍትለት?» ጣቱን አነሣ። «ሦስተኛዋ ሲሊንደር ከእህቶቿ ትንሽ ቀድማ ትናገራለች። ሰማህ?»

ቶማ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። እውነት ነው፤ ጠዋት በጥድፊያ ሳይሰማት ያለፋት፣ ስስ የሆነች ማንኳኳት አለች። «ሰማኋት፣ ጋሼ። የኖዝሉ ነገር ነው። ስመለስ ፈትቼ አስተካክላታለሁ።»

«እንዳትነካት» አለ ጋሽ ገብረአማኑኤል፤ በሩን ከፍቶ እግሩን ወደ መሬት አወረደ።